የሰው ናፍቆት አትግዙ፦ ሌጎ ለሚጀምር አዋቂ

«ሌጎ ልጀምር ነው፣ የቱን ልግዛ?» የሚል መልእክት ሲደርሰኝ ሁሌም ከሥሩ የአንድ ግዙፍ ሳጥን ፎቶ አለ። (ሌጎ ማለት እየተገጣጠሙ የሚሠሩ የፕላስቲክ ጡቦች ናቸው።) ወይ 9,090 ቁራጭ ያለው ታይታኒክ ነው፣ ወይ 10,001 ቁራጭ ያለው ኤፍል ታወር። መልሴ አንድ ነው። ቆይ፣ ገና አትክፈል።

ሳጥኖቹ መጥፎ ስለሆኑ አይደለም። ያምራሉ። ግን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገዛ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚገዛው የራሱን ፍላጎት ሳይሆን የሌላ ሰው ትዝታ ነው፤ እኔም ይህን የተረዳሁት ሦስት አራት ሳጥን ከገዛሁ በኋላ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ ያሉ አዋቂ አድናቂዎች ራሳቸውን «ኤፎል» ብለው ይጠራሉ። የብዙዎቹ ታሪክ ይመሳሰላል። ልጅ ሆነው ሌጎ ነበራቸው፣ ጎረምሳ ሲሆኑ ተዉት፣ ሥራ ይዘው ደመወዝ ማግኘት ሲጀምሩ ተመለሱበት። በመሃል የተዉበትን ጊዜ «የጨለማው ዘመን» ይሉታል። እንግዲህ አንዱ ተነስቶ «ከሁሉም ዘርፍ ካስል (የባላባትና የግንብ ዘርፉ) ይበልጣል» ብሎ ሲከራከር፣ በስምንት ዓመቱ ስለተሰጠው የገና ስጦታ እያወራ ነው። እውነቱን ነው፣ ለእሱ ይበልጣል።

አብዛኞቻችን ግን ልጅ ሳለን የነበረን የሽቦ መኪና ነው፤ ጎማው ቆርኪ፣ መሪው ደግሞ ቆመን የምንነዳበት ረጅም ሽቦ። ጭቃ አቡክተን ቤት ሠርተናል። የጨለማ ዘመን የለንም፣ የምንመለስበት ሳጥን ስላልነበረን። የእነሱ ትዝታ ታሽጎ፣ መመሪያ ተጨምሮበት ይሸጣል። የእኛን ማንም አሽጎ አይሸጥልንም፣ ከቁራጭ ራሳችን ነን የምንሠራው። ስለዚህ ሳጥን ስትመርጡ ውስጡ ያለው ቁራጭ በኋላ ለምን ይሆነኛል ብላችሁ ምረጡ። ከዚህ በታች የምለው ሁሉ ከዚህ የሚነሳ ነው።

መጀመሪያ አንድ ጥያቄ

ሠርታችሁ ስትጨርሱ ምን ልታደርጉት ነው? ይህን ሳትመልሱ የትኛውንም ዘርፍ አትዩ።

መደርደሪያ ላይ አስቀምጬ አየዋለሁ ካላችሁ፣ የወደዳችሁትን ግዙ፣ ምክሬ ብዙ አያስፈልጋችሁም። ቦታውን ግን በሜትር ለኩ። ከሥራ ስመለስ እጄን የማፍታታበት ሁለት ሰዓት ነው የምፈልገው ካላችሁ፣ ብዙ ትናንሽ ሳጥን ከአንድ ግዙፍ ይሻላል። አፍርሼ የራሴን እሠራለሁ ካላችሁ ደግሞ ጨዋታው ሌላ ነው። እኔ ሦስተኛው ነኝ፣ አድልዎዬን ከወዲሁ እወቁት።

ስለ ዘርፎቹ

ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። በ1978 ሌጎ እጅና እግሩ የሚንቀሳቀስ ትንሽ ሰው፣ ማለትም ሚኒፊገርን፣ አወጣ። የከተማ፣ የካስልና የጠፈር ዘርፎችም ያኔ ነው መልክ የያዙት። ቁጥር 375 የሆነው ቢጫው ካስል የዚያ ዓመት ነው። የባሕር ወንበዴዎቹ በ1989 መጡ። የዛሬዎቹ አዋቂዎች ያደጉት በእነዚህ ነው። ኩባንያውም ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። በ2022፣ 90ኛ ዓመቱን ሲያከብር፣ ትልቁን የአንበሳ ባላባቶች ካስል በ4,514 ቁራጭ፣ የ1979ኙን የጠፈር መርከብ ደግሞ አሳድጎ በ1,254 ቁራጭ አወጣ። በቀጣዩ ዓመት የወንበዴዎቹ ምሽግ ኤልዶራዶ ተከተለ።

ከሦስቱ እኔ ብገዛ ካስሉን ነው። ባላባት ስለምወድ አይደለም። ግራጫ ጡብና ቅስት በብዛት አለው፤ ከእሱ ፋሲል ግቢን የሚመስል ግንብ መሥራት ትችላላችሁ። መርከቧ ቆንጆ ናት፣ ዋጋዋም ይቀላል፣ ግን ሰያፍ የሆኑት ሰማያዊ ክንፎቿ ከመርከብ ሌላ ነገር ለመሥራት እጅ ያስራሉ።

አዋቂ አድናቂዎች በብዛት የሚስማሙበት ዘርፍ ቢኖር ሞዱላር የሚባሉት ሕንፃዎች ናቸው። በ2007 ካፌ ኮርነር በሚባለው ባለ 2,056 ቁራጭ ሕንፃ ተጀመሩ። ከዚያ ወዲህ በአብዛኛው በዓመት አንድ አዲስ እየወጣ ጎዳናው ረዝሟል። የአብዛኞቹ መሠረት 32 በ32 ጉብታ ነው፣ ጉብታ የምለው ከጡቡ ላይ ያለችውን ክብ ነገር ነው። በጎን ይያያዛሉ፣ ፎቃቸው እየተነሳ ውስጣቸው ይታያል። ለምን ይወደዳሉ? አንደኛ፣ ፊልም አይተህ መውደድ አይጠበቅብህም፤ ቤት ቤት ነው። ሁለተኛውና ለእኔ ትልቁ፣ እያንዳንዱ ሕንፃ ዘዴ ያስተምራል። ጡብን በጎኑ አስተኝቶ ጌጥ ማውጣት፣ ከማይታሰብ ቁራጭ የጣሪያ ጠርዝ ጌጥ መሥራት፣ በትንሽ ቦታ ደረጃ ማስገባት፣ ይህን ሁሉ እጃችሁ ሳያስበው ይለምዳል። አፍርሳችሁ ስትጨርሱ ደግሞ የሚተርፋችሁ መስኮት፣ በር፣ ቀጫጭን ጡብና ጉብታ የሌለው ለስላሳ ታይል ነው። ቤት ለመሥራት የሚያስፈልገው እሱው ነው። አንድ ትልቅ ሳጥን ብቻ የምትገዙ ከሆነ ይህን ግዙ።

ገንዘቡ ካልበቃ የአበቦቹን ዘርፍ ሞክሩ። በ2021 የወጣው የቦንሳይ ዛፍ 878 ቁራጭ ነው፤ ሮዝ ቀለም ያለው አበባው ጠጋ ብላችሁ ስታዩት ጥቃቅን እንቁራሪት ሆኖ ታገኙታላችሁ። ማጋነን አይደለም፣ እንቁራሪቷን በሮዝ ቀለም ሠርተው አበባ አደረጓት። አንድን ቁራጭ ከተሠራበት ዓላማ ውጭ ማየት ማለት ይሄ ነው፤ አድናቂዎች ከምንም በላይ የሚያደንቁትም ይህንን ነው።

ቴክኒክ ከ1977 ጀምሮ ያለ ዘርፍ ነው፣ ማርሽና ዘንግ ለሚወድ ሰው። ግን ከቤት ቁራጭ ጋር ብዙም አይዋደድም፤ ሁለቱን በአንድ ጊዜ አትጀምሩ። ከ1999 ወዲህ በፊልም ፈቃድ የሚወጡት ሳጥኖች ላይ ደግሞ ዋጋውን የሚሰቅለው ብዙ ጊዜ ሚኒፊገሩ ነው። ፊልሙን ካልወደዳችሁት እለፉት።

የቁራጭ ቁጥር ያታልላል

አድናቂዎች አንድ የድሮ መለኪያ አላቸው፦ ለአንድ ቁራጭ አሥር የአሜሪካ ሳንቲም። ዋጋውን ለቁራጩ ብዛት ታካፍላላችሁ፣ ከአሥር ሳንቲም ካነሰ ጥሩ ነው ይባላል። ለመነሻ ይጠቅማል፣ ከዚያ በላይ ግን አትመኑት። ምሳሌ ልስጣችሁ። በ2021 የወጣው የዓለም ካርታ 11,695 ቁራጭ ነው፤ በቁጥር ከኤፍል ታወር ይበልጣል። አብዛኛው ግን አንድ በአንድ የሆነ ክብ ነጥብ ነው። ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ያምራል፣ አፍርሳችሁ ግን የጎጆ ግድግዳ እንኳ አታወጡበትም።

ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት የቁራጭ ዝርዝሩን ክፈቱ። ብሪክሊንክ ወይም ሪብሪካብል የሚባሉት ድረ ገጾች ላይ የሳጥኑን ቁጥር ስታስገቡ እያንዳንዱ ቁራጭ በቅርጽ፣ በቀለምና በብዛት ይመጣላችኋል። አሥር ደቂቃ ስጡት። ሁለት በአራት፣ አንድ በአራት፣ አንድ በሁለት ጡብ ስንት አለ? ፕሌቱስ? ፕሌት ቀጭኗ ናት፣ ሦስቱ ሲደራረቡ አንድ ጡብ ያህላሉ። ቀለሙ በአሥራ አምስት ዓይነት ተበታትኗል ወይስ ከአራት አምስት ቀለም በርከት በርከት ያለ ነው? በርከት ያለው ይሻላችኋል። ሦስት ብቻ የሆነ ቀለም ግድግዳ አይሞላም።

ስቲከሩንም ቁጠሩ። አዋቂዎች ዘንድ ይህ የማያልቅ ጭቅጭቅ ነው። ያን ያህል ተከፍሎበት ስቲከር መለጠፍ አለብኝ ወይ ነው ጥያቄው፤ ሥዕሉ ቁራጩ ላይ ታትሞ ይምጣ ይላሉ። እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ፣ ስቲከር በዓመታት ይደርቃል፣ ጫፉም ይነሳል። መለጠፋችሁ ካልቀረ ግን ቁራጩ ላይ ጠብታ የሳሙና ውኃ አድርጉ፣ ስቲከሩን በጡብ መንቀያዋ ጫፍ ይዛችሁ አስቀምጡ፣ ውኃው እስኪደርቅ ወዲያ ወዲህ ማለት ስለሚቻል ጠማማ አይሆንባችሁም።

አዲስ አበባ ላላችሁና ከውጭ በሚመጣ ዘመድ ለምታስመጡ አንድ ነገር ልጨምር። ሳጥኑ ግማሽ አየር ነው። ከረጢቶቹን አውጥቶ ሻንጣ ውስጥ ይክተታቸው፣ ካርቶኑ እዚያው ይቅር። መመሪያ መጽሐፉም ከከበደ ይቅር፣ ከኩባንያው ድረ ገጽ በነፃ ይወርዳል። ስቲከሩን ግን ደብተር መሃል ያድርገው፣ ከታጠፈ አይድንም።

ያገለገለ መግዛት

እዚህ ላይ ረዘም ልበል፣ ምክንያቱም ለእኛ ዓይነት ሠሪ ያገለገለ ቁራጭ ከአዲስ ሳጥን ይሻላል። ከ1958 ጀምሮ የተሠራ ጡብ ከዛሬው ጋር ይገጥማል። በዕድሜ ምክንያት የሚጣል ነገር የለም ማለት ይቻላል።

የመጀመሪያ ከረጢቴን የገዛሁት ከአንድ ያርድ ሴል ነው፣ ሰው ግቢው ውስጥ ያገለገለ ዕቃውን ከሚሸጥበት። ስድስት ኪሎ ገደማ ነበር፣ ዋጋው ደግሞ ሳቅ ያስመጣል። ቤት ወስጄ ጠረጴዛ ላይ ስዘረግፈው ሲሶው ማስመሰያ ሆኖ አገኘሁት። ከእውነተኛው ጋር ሲገጣጠም ወይ ይላላል፣ ወይ አልላቀቅ ይላል። ሁለት ምሽት ሙሉ ስለይ አደርኩ። ስለዚህ ለከረጢቱ ገንዘብ ሳትከፍሉ እፍኝ አውጡና ጉብታዎቹን በብርሃን እዩ። በእያንዳንዱ እውነተኛ ጉብታ ላይ የኩባንያው ስም በጥቃቅን ፊደል አለ። ከእፍኙ ውስጥ ሦስት አራት ባዶ ጉብታ ካገኛችሁ ዋጋ አስቀንሱ ወይም ተዉት። አሽትቱትም፤ የሲጋራ ሽታ ቶሎ አይለቅም።

ቀለም ላይ ተጠንቀቁ። በ2004 አካባቢ ግራጫው ተቀይሮ ወደ ሰማያዊ ያደላ ሆነ፣ ቡናማውም አብሮ ተቀየረ። ብዙ አድናቂዎች ያኔ ተቆጥተው ነበር፣ ዛሬም የሚያነሱት አሉ። ስሜቱን ለእነሱ ልተውላቸውና፣ ለእናንተ የሚያስፈልገው ይሄ ነው፦ የድሮና የአዲስ ግራጫ አንድ ግድግዳ ላይ ሲቀላቀል የተለጠፈ ይመስላል፤ ለዩት። ካልሆነ ደግሞ ሆን ብላችሁ ቀላቅሉት፣ ለድንጋይ ግድግዳ እንደዚያ የሚያምር የለም። ፀሐይ ያገኘው ነጭ ቢጫ ይሆናል፣ እሱን ለጭቃ ቤት ተጠቀሙበት። ቡናማ ቁራጭ ስትነቅሉ ደግሞ ቀስ በሉ፣ አንዳንዱ ይሰነጠቃል።

ማጠቡ ቀላል ነው። ከ40 ዲግሪ የማይበልጥ ለብ ያለ ውኃ፣ ትንሽ ሳሙና፣ ከዚያ ፎጣ ላይ አስጥቶ ማድረቅ። ልብስ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ አይግባ፣ ፀጉር ማድረቂያም አይጠጋው። ሞተርና መብራት ያለበትን ክፍል ጭራሽ አታርጥቡ።

ስትለዩ ደግሞ በቀለም አትለዩ። ሁሉም ጀማሪ በቀለም ይለያል፣ ሲደረደር ያምራላ። ግን መቶ ቀይ ቁራጭ መሃል አንዲት ቀይ ማጠፊያ ፈልጋችሁ ታውቃላችሁ? ዓይን ቅርጽን ከአንድ ቀለም ክምር መለየት ይከብደዋል። ቀለምን ግን ከአንድ ቅርጽ ክምር ውስጥ ወዲያው ያወጣል። ስለዚህ በቅርጽ ለዩ፤ ጡብ ለብቻ፣ ፕሌት ለብቻ፣ ታይል ለብቻ፣ ሰያፍ ለብቻ። ስሙን የማታውቁት ቁራጭ ሲገጥማችሁ ገልብጡት፣ በአብዛኛው ከሥሩ ቁጥር ተቀርጿል። ሁለት በአራት ጡብ 3001 ነው። ቁጥሩን ብሪክሊንክ ላይ ስትጽፉ ስሙም ዋጋውም ይወጣል።

የመጀመሪያ የራሳችሁ ሥራ፦ ሰማያዊና ነጭ ሚኒባስ

ቤት አትጀምሩ፣ ሰፊ ነው፣ መሃል ላይ ይሰለቻል። የአዲስ አበባ ታክሲ ጀምሩ። ሁላችንም መልኩን ዓይናችንን ጨፍነን እናውቀዋለን፣ ደግሞም በሳጥን የሚሸጠው የለም።

ወርዱን ስምንት ጉብታ አድርጉት። ስድስት ይበቃል የሚሉ ይኖራሉ፣ ግን ስድስት ላይ ሁለት ሚኒፊገር ጎን ለጎን በቅጡ አይቀመጥም። ኩባንያው ራሱ ትናንሽ የእሽቅድምድም መኪናዎቹን በ2020 ከስድስት ወደ ስምንት አሳድጓቸዋል፣ ያኔ ነው ሁለት ሰው መያዝ የቻሉት። የሃይኤስ ርዝመት የወርዱን ሦስት እጥፍ ሊሞላ ጥቂት ስለሚቀረው 22 ጉብታ ላይ አቁሙ። ቁመቱ ከመሬት እስከ ጣሪያ ስምንት ጡብ ያህል።

መጀመሪያ ቀለሙን ተዉት። እጃችሁ ላይ ባለው ሁሉ፣ ቀይም ይሁን አረንጓዴ፣ ቅርጹን ብቻ አውጡ። ያስቀይማል፣ አትዩት። ጎማው ሲሽከረከር ግድግዳውን ይነካል ወይ? ጣሪያው ሲነሳ ወንበሩ ይታያል ወይ? እነዚህ ከተስተካከሉ በኋላ ነው ስንት ሰማያዊና ስንት ነጭ እንደሚያስፈልግ ቆጥራችሁ ከብሪክሊንክ የምታዙት። ከአንድ ሻጭ እዘዙ፣ ከአምስት ሻጭ ካዘዛችሁ የመላኪያው ዋጋ ከቁራጩ ይበልጣል። ኮምፒውተር የሚቀናችሁ ስቱዲዮ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ላይ አስቀድማችሁ ሠርታችሁ ዝርዝሩን ራሱ እንዲያወጣላችሁ ማድረግ ትችላላችሁ። እኔ በእጄ ይሻለኛል።

ፊቱ ላይ ነው ሥራው ያለው። የፊት መብራቱ ወደ ፊት እንዲያይ በጎኑ ጉብታ ያለው ጡብ ያስፈልጋችኋል፤ 4070 ወይም 87087 ብላችሁ ፈልጉ። አድናቂዎች ይህን በጎን የመሥራት ዘዴ «ስኖት» ይሉታል። ሒሳቡ አንድ ብቻ ነው፣ ያዙት፦ የሁለት ጉብታ ስፋት ከአምስት ፕሌት ውፍረት ጋር እኩል ነው። ከጉብታ ወደ ጉብታ 8 ሚሊ ሜትር ነው፣ ፕሌት 3.2 ነው፤ ሁለቱም 16 ላይ ይገናኛሉ። በጎን ያስተኛችሁት ነገር ክፍተት ከተወ ወይም አልገባ ካለ ይህን ቁጥር ስታችኋል ማለት ነው።

መስመሩ ላይ ቸኩላችሁ ስቲከር አትለጥፉ። ነጩና ሰማያዊው የሚገናኙበትን ቦታ አንድ ረድፍ ነጭ ፕሌት ብታደርጉት ከሩቅ የተቀባ ይመስላል። ጣሪያው ላይ የዕቃ መጫኛ ከፈለጋችሁ የአጥር ቁራጭ ይሆናል። ውስጡን በሰው ሙሉት፤ አንዷ እቅፏ ላይ ዘምቢል ይዛ።

ተንሸራታቹን በር ብዙ ቀን ስታገለው ነበር። ታይል ሐዲድ አድርጎ ማንሸራተት ይቻላል፣ ግን ይወላገዳል። በመጨረሻ ክፍት ትቼዋለሁ። በቀኝ በኩል፣ ከበሩ ጠርዝ አንድ ቀጭን ዘንግ አቁሙ፣ 3.2 ሚሊ ሜትር የሆነችውን፣ የሚኒፊገር መዳፍ ልኩን የሚጨብጣት እሷን ነው። ረዳቱን አንድ እግሩን ደፉ ላይ፣ አንድ እጁን ዘንጉ ላይ አድርጋችሁ፣ አንገቱን ወደ ውጭ አዙሩት።